ሕፃን ሕፃንን ሲያሳድግ፤ በቤት ስለሚደረገው የአሻንጉሊት ጨዋታ ለወላጆች የተጻፈ መመሪያ

በአፋር ክልል ከሰመራ ተነሥቶ ሰርዶን አልፎ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዲቾቶ ሲደርስ አንዱ ክንፉ ወደ ጋላፊ፣ ሌላው ወደ ቡሬና ወደ ቀድሞው የአሰብ መንገድ ስለሚከፈል፣ ይህች ከተማ መዓልትም ሌሊትም የከባድ መኪና ድምፅ የማይለያት፣ ሾፌርና ረዳት፣ ነጋዴና አርብቶ አደር የሚገናኙባት ሥፍራ ናት። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ሐሳቡ በውሃው፣ በሙቀቱና በመንገዱ አደጋ የተያዘ በመሆኑ፣ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጁ በግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ «እሹሩሩ» ሲል ባየው ጊዜ፣ «ተመስገን፣ ዛሬስ አልረበሸኝም» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ፣ በዚያች ጥላ ሥር የሚከናወነው ነገር የወላጅን እርዳታ የሚሻ ትልቅ ጉዳይ መሆኑ አይታሰበውም። ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው ያንን እርዳታ ደረጃ በደረጃ ለማመልከት ነው፤ እርዳታውም ገንዘብን ሳይሆን ትዕግሥትን፣ ይልቁንም እጅን ሰብስቦ መቀመጥን የሚጠይቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የጨዋታውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ሕፃን ዓመት ከሞላው በኋላ ባዶ ኩባያ አንሥቶ የጠጣ መስሎ ይስቃል። ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ያንኑ ኩባያ ወደ አሻንጉሊቱ አፍ ያስጠጋል፤ ይኸውም የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ጥማት ማሰብ መጀመሩ ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ አሻንጉሊቷ ራሷ «አልፈልግም» ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ታኮርፋለች፤ ሦስትና አራት ዓመት ሲሆነው ደግሞ ነገሩ ተያይዞ ታሪክ ይሆንና፣ ሕፃኗ ትታጠባለች፣ ትበላለች፣ ትታመማለች፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ ድና ትመለሳለች። ስለዚህ ልጃችሁ ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንዳለ ጥቂት ቀን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ የዓመት ተኩሉን ሕፃን እንደ አራት ዓመቱ ታሪክ አውጣ ማለት ልጁን ያሰለቸዋል፣ የአራት ዓመቱንም እንደ ትንሹ ጡጦ ስጥ እያሉ መመለስ ያስከፋዋል።

የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ማስመሰል የሕፃኑ አእምሮ አንዱን ነገር በሌላው ምሳሌነት መወከል የቻለበት ምልክት አድርጎ ገልጦታል። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪም እ.ኤ.አ. በ1933 በሌኒንግራድ ባሰማው ንግግር፣ በትር ፈረስ በሚሆንበት ሰዓት የልጁ ሐሳብ ዓይኑ ከሚያየው ዕቃ ተላቅቆ ለብቻው መቆም እንደሚጀምር፣ ደግሞም በጨዋታው ውስጥ ልጁ ከዘወትር ጠባዩ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አስተምሯል፤ እውነትም ራሱ አልተኛም ብሎ የሚያስቸግረው ልጅ አሻንጉሊቱን ለማስተኛት ሲል ጸጥ ብሎ መቀመጥ እንደማይከብደው ወላጅ ሁሉ ያውቃል። በእኛም ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 33 ሕፃናትን አጥንተው፣ የሰውን ስሜትና ሐሳብ በመረዳት የሚታወቀው የአንጎል ክፍል ልጁ ብቻውን በአሻንጉሊት ሲጫወት ጭምር እንደሚሠራ፣ ብቻውን በታብሌት ሲጫወት ግን ያን ያህል እንደማይነቃቃ አስታውቀዋል። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ይሁን እንጂ የደረሱበት ነገር እናቶች ከጥንት ጀምሮ በዓይናቸው ከሚያዩት ጋር ይስማማል።

ለአዋሽ ሸለቆ ነዋሪ ደግሞ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በዚሁ በአፋር ምድር በዲኪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያዊው ሊቅ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ያገኛት፣ «ሰላም» የተባለችው ሕፃን፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገና ሦስት ዓመት ገደማ ሳለች የሞተች ናት። የራስ ቅሏን ያጠኑት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ገለጹት፣ የወገኖቿ አንጎል ቀስ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ያድግ ነበር፤ ማለት ልጅነት ረጅም ሆኖ፣ ልጅ ከታላላቆቹ እግር ሥር ተቀምጦ የሚማርበት ጊዜ የተሰጠው በዚህ ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ ነው። ይህን ጊዜ ማሳጠር፣ ልጁን ቶሎ ፊደል ቆጥሮ ቶሎ ቁም ነገረኛ እንዲሆን ማጣደፍ፣ ለእኔ ትልቅ ስሕተት ሆኖ ይታየኛል።

ስለ አሻንጉሊቱ አሠራር

ከሱቅ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በገበያችን የሚበዛው ፊቱ ነጭ፣ ጠጉሩ ወርቅማ የሆነ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ ልጅ በየዕለቱ እሹሩሩ የሚለው ሕፃን እርሱንም እናቱንም የማይመስል ብቻ ከሆነ፣ የሚቀረው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ ጥቁር ሕፃናት ፊት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊቶችን አቅርበው ቢጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ነጩን መልካም፣ ጥቁሩን መጥፎ ብለው መረጡ፤ ይህም የሚያሳዝን ምስክርነት እ.ኤ.አ. በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕፃናትን በቀለም ለይቶ ማስተማርን በሻረበት ፍርድ ውስጥ ተጠቀሰ። እኛ የኖርንበት ታሪክ ከዚያ የተለየ ቢሆንም፣ ልጃችሁ የሚወደው ሕፃን የእርሱን መልክ የያዘ እንዲሆን ማድረግ በእጃችሁ ነው።

ለመሙያው ጥጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ እርሻውን ካቋቋመ ጀምሮ ዱብቲና አካባቢዋ በጥጥ የታወቁ ሆነዋልና። ፍሬው የወጣለትንና የተነደፈውን ጥጥ ውሰዱ፤ ያረጀ ነገር ግን ያልተበሳ፣ ቀለሙ የልጁን ቆዳ የሚመስል የጥጥ ጨርቅም አንድ ክንድ በአንድ ክንድ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ በሳሙና አጥባችሁም በፀሐይ አድርቁት። በጨርቁ መካከል የዐዋቂ ጭብጥ የሚያህል ጥጥ አስቀምጣችሁ ጨርቁን ወደ ታች ሰብስቡና ከሥሩ በወፍራም ክር አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ይህ ራስና አንገት ይሆናል። የተንጠለጠለውን ቀሪ ጨርቅ እንደ ከረጢት ጎንና ጎኑን ሰፍታችሁ በጥጥ ሙሉት፤ ይህ ገላው ነው። እጅና እግሩን ከተጠቀለለ ቁራጭ ጨርቅ ሠርታችሁ፣ ልጅ ቢጎትተው እንዳይነቀል ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ስፉት። ልጁ ሦስት ዓመት ካለፈው፣ ሆዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ታጥቦ የደረቀ አሸዋ አንድ እፍኝ ያህል በድርብ ጨርቅ ሰፍታችሁ ክተቱበት፤ ክብደት ያለው አሻንጉሊት ሲያነሡት ይዘነበላል፣ ልጁም ሳይነገረው መዳፉን ከአንገቱ ሥር አድርጎ መደገፍን ይለምዳል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ግን አሸዋውን ተዉት።

ዓይኑን በአዝራር ወይም በዶቃ አታድርጉ፤ በጥቁር ክር ስፉት። አፉን ደግሞ የሚስቅም የሚያለቅስም አድርጋችሁ አትሥሩ፤ አጭር ቀጥ ያለ መስመር ይበቃል፣ ሳቁንና ልቅሶውን ልጁ ራሱ ይሰጠዋልና። ጠጉሩን ከጥቁር ክር ሠርታችሁ ብትጎነጉኑት መልካም ነው። ልብሱም ቢቻል ከእናቲቱ ካረጀ ቀሚስ ወይም ሻሽ የተቆረጠ ይሁን፤ ሕፃን በእናቱ ጨርቅ ውስጥ የሚያገኘውን መጽናናት ምንም አዲስ ጨርቅ አይተካውም። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ጥጡን በትናንሽ ጣቶቹ ይጠቅጥቅ፣ ቢያበላሸውም ይበላሽ። ስሙን እርሱ ያውጣለት፤ ስሙ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ቢሆን አትከራከሩት።

ለቤት ዕቃው ብዙ አትድከሙ። ለአልጋ የካርቶን ሣጥን፣ ለኩባያ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ፣ ለምንጣፍ የተበጣጠሰ ሰሌን ይበቃል። በአፋር ባህል የቤቱ ሠሪዎች ሴቶች ስለሆኑና የጎበጡ እንጨቶችን በዘንባባ ሰሌን እያለበሱ ዓሪ የተባለውን ቤት ሲያቆሙ ልጆች ስለሚያዩ፣ ለአሻንጉሊቷም ትንሽ ዓሪ ለማቆም ሦስት አራት ቀጫጭን በትርና አንድ ቁራጭ ሰሌን ብትሰጧቸው፣ አያት ወይም አክስት ብትኖር ደግሞ አሠራሩን ብታሳያቸው፣ ጨዋታው ከትምህርት የማይተናነስ ይሆናል። በትሩ ግን ከፕሮሶፒስ ዛፍ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ እሾሁ ጫማ በስቶ የሚገባ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ በጥጥ እርሻ አካባቢ የሚገኘውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ፣ በመኪና ማቆሚያ አጠገብ የሚጣለውንም የነዳጅና የዘይት ጀሪካን፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ለልጅ መጫወቻ አታድርጉት። የመጠጥ ውሃ የተያዘበትን ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ቆርጣችሁ አልጋ ብታደርጉት ግን፣ የተቆረጠው ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ ጨርቅ አጥፋችሁ ዙሪያውን ስፉበት።

ስለ ሰዓቱና ስለ ሥፍራው

ከሰኔ እስከ ነሐሴ በዚህ ቆላ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ስለሚያልፍ፣ የጨዋታው ሰዓት ማለዳና ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ በቀትር በቤት ውስጥ በሰሌን ላይ ሆነው በዝግታ የሚጫወቱት ይመረጣል። የፕላስቲክ አሻንጉሊት ፀሐይ ላይ ከዋለ የልጅን ጉንጭ እስኪያቃጥል ይግላል። ሥፍራው ከመንገዱ ጀርባ፣ ከምድጃና ከሻይ ማፍያው የራቀ፣ ነገር ግን ከእናንተ ዓይን የማይጠፋ ይሁን። ሁልጊዜ ያው አንድ ጥግ ቢሆን ይሻላል፤ ልጅ ትናንት ያስተኛትን ሕፃን ዛሬ እዚያው ሲያገኛት ታሪኩን ካቆመበት ይቀጥላል።

ወደ ጨዋታው ስለ መግባት

አብዛኛው ወላጅ የሚስተው በዚህ ላይ ነውና ጥቂት ልቆይበት።

በዲቾቶ በአንዲት ሻይ ቤት ጓሮ፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ልጃገረዶች ሲጫወቱ አየሁ። አንደኛዋ በሰሌን ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለተኛይቱ የጨርቅ አሻንጉሊት በጀርባዋ አዝላ ከሩቅ እንደ መጣች ሁሉ እግሯን እየጎተተች ደረሰች። ወዲያው ዳጉ የሚባለው የወሬ ልውውጥ ተጀመረ፤ ልክ ታላላቆቻቸው በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ወሬ እንደሚለዋወጡት፣ ከየት እንደ መጣች፣ ሰላም እንደሆነ፣ ዝናብ እንደዘነበ፣ ግመሎቹ እንደምን እንዳሉ በተራ ተጠያየቁ፤ በመጨረሻም የመጣችው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃኗ በመኪና ጩኸት ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛች ነገረቻት። ሻይ የምትቀዳው እናት ይህን ሰምታ ወጣች፤ አልሳቀችም፣ «ጨርቅ እኮ ናት» አላለችም፤ ቁጢጥ ብላ «ታዲያ ለሕፃኗ ምን ይሻላታል?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱም ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ» አለቻት። እናቲቱ እንደታዘዘችው ዝም ብላ ጥቂት ተቀመጠች፣ ከዚያም በእግር ጣቷ እየተራመደች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚህ የተሻለ አርአያ ላቀርብላችሁ አልችልም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ከልጁ ጋር በሚተካከል ቁመት ተቀመጡና፣ እስኪጋብዛችሁ ድረስ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሲጋብዛችሁ የሚሰጣችሁን ቦታ ተቀበሉ፤ እንግዳ፣ በሽተኛ፣ ውሃ ቀጂ፣ ወይም ታናሽ እኅት ሁኑ እንጂ ዋናውን ሰው ለመሆን አትሹ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ጥያቄውም መልሱን እናንተ አስቀድማችሁ የማታውቁት ይሁን፤ «ለምን ታለቅሳለች?» ማለት ያጫውታል፣ «ቀሚሷ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ጣቷ ስንት ነው?» ማለት ግን ጨዋታውን ፈተና አድርጎ ያፈርሰዋል። ልጁ «ሕፃኗ ታመመች» ቢላችሁ፣ «አዎን ታመመች፤ ሆዷን ነው መሰለኝ፣ ትኩሳትም ሳይኖራት አይቀርም» ብላችሁ በእርሱ ቃል ላይ ጥቂት ቃል ጨምሩለት፤ የቋንቋ ትምህርት ማለት ይህ ነው። በአፋርኛ ከጀመረ በአፋርኛ፣ በአማርኛ ከጀመረ በአማርኛ መልሱለት፤ ሁለቱን ቢቀላቅልም አታርሙት።

አሻንጉሊቷን ዘቅዝቆ ቢይዛት፣ ቡና ቢያጠጣት፣ ወይም ግመል ላይ አስቀምጦ ወደ ሰማይ ቢልካት ዝም በሉ። አገዛዙ የእርሱ ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ በእንዲህ ያለ ልብ አብሮት የተቀመጠ ወላጅ፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየ አጠገቡ ከዋለው ይበልጣል። መነሣት ሲገባችሁም ድንገት አትነሡ፤ «ሕፃኗን አስተኝተን እንጀራ ልጋግር እሄዳለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ አስታውቁት።

በዚህ ነገር የሚያፍር አባት ቢኖር አንድ ምሳሌ ላስታውሰው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅት፣ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአዲስ አበባ መምህርት ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው፣ ከካልሲ በተሰፉ አሻንጉሊቶች የተሠራ ነበር፤ ዐዋቂዎች እጃቸውን በካልሲ ውስጥ ከትተው ከልብ በመናገራቸው ቀጭኔዋ ፀሐይ የብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወዳጅ ሆነች። ሕፃን የሚያምነው ጨርቁን ሳይሆን የተናጋሪውን ቅንነት ነው።

ጨዋታው ፍርሃትን ሲገልጥ

ልጅ በቃል ሊናገረው የማይችለውን በአሻንጉሊቱ ይናገረዋል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር እየተንቀጠቀጠ፣ ቤት እየተሰነጠቀ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው በተነሣበት ወራት ያለፉ ልጆች፣ ሣጥኑን እያነቃነቁ አሻንጉሊቷን ከውስጡ ቢያወጡ፣ ደግመው ቢያስገቡ፣ ደግመው ቢያወጡ የሚገርም አይደለም። አትከልክሏቸው፣ «ክፉ አታውሩ» ብላችሁም አትገሥጿቸው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ «ከዚያስ ማን መጣ? የት አሳረፏት? ውሃ ማን ሰጣት?» እያላችሁ ታሪኩ ወደ ማዳኑ እንዲሻገር እርዷቸው። መርፌ የተወጋ ልጅ አሻንጉሊቱን ይወጋል፤ ታናሽ የተወለደበት ልጅ ደግሞ አሻንጉሊቷን ከአልጋ አውርዶ ይጥላል፤ ይህን ሲያደርግ «ሕፃኗ ብዙ ታስቸግራለች፣ እናቷም ደከማት፤ ታላቋስ ምን ትፈልጋለች?» ብትሉት፣ አንዳንድ ጊዜ ወር ሙሉ ያልነገራችሁን በአንድ ቃል ይነግራችኋል።

ልጁ አሻንጉሊቱን በምን ቃል እንደሚቆጣም አድምጡ። «ዝም በይ! እጅሽን እቆርጠዋለሁ!» የሚለው ድምፅ ከእኛው አፍ የወጣ መሆኑን ኅሊናችን ወዲያው ይነግረናል፤ በዚያ ጊዜ የሚታረመው ልጁ ሳይሆን ቤቱ ነው።

ነገር ግን ያው አስፈሪ ጨዋታ ለሳምንታት ሳይለወጥ ከተደጋገመ፣ ልጁም እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ ወይም አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ እንደገና ከጀመረ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዕድሜው በላይ የሆነ የገላ ነገር በአሻንጉሊቱ ላይ ሲያሳይ ብታዩት ደግሞ አትጩኹ፣ በጥያቄም አታስጨንቁት፤ የሚናገረውን በጸጥታ ስሙ፣ ከማን ጋር እንደሚውል መርምሩ፣ ሳትዘገዩም ለጤና ባለሙያና የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። መንገደኛ በሚበዛበት ከተማ ይህ ጥንቃቄ ቸል የሚባል አይደለም።

ስለ ወንዶች ልጆችና ስለ ሃይማኖት ጥያቄ

ወንድ ልጅ አሻንጉሊት ቢያቅፍ ወንድነቱ አይቀንስም። አባቱ ሾፌር የሆነ ልጅ ሕፃኗን በሰርዲን ቆርቆሮ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ይዟት ይሄዳል፣ በመንገድ ውሃ ያጠጣታል፣ ማታ ይመልሳታል፤ አባቱ ለእርሱ ቢያደርግለት የሚወደውን እያደረገ ነውና፣ ይህን ጨዋታ ማፌዣ ማድረግ በደል ነው።

የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ወላጆች፣ በተለይም በአፋር፣ የሰው መልክ ያለው አሻንጉሊት የተከለከለ እንዳይሆን ሲጨነቁ ይሰማል። በሐዲስ መጻሕፍት እንደ ተመዘገበው፣ የነቢዩ ባለቤት እመት ዓኢሻ በልጅነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በአሻንጉሊት ይጫወቱ ነበር፤ ከአሻንጉሊቶቹም መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ እንደ ነበረ፣ ነቢዩ ሙሐመድም ስለ ክንፉ ጠይቀው መልሱን ሲሰሙ እንደ ሳቁ ተተርኳል። ብዙ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ይህን መነሻ አድርገው የልጆችን አሻንጉሊት ፈቅደዋል፤ ጠበቅ ያለ አስተያየት ያላቸውም ስላሉ፣ ልቡ ያልተረጋጋ ወላጅ የሰፈሩን ሼኽ ይጠይቅ፤ ፊቱ ያልተሠራለት የጨርቅ ሕፃንም ለልጁ ጨዋታ አይጎድልም።

ስለ ንጽሕናና ስለ አደጋ

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉን ወደ አፉ ይወስዳልና፣ ከሃይላንድ ክዳን የማይሰፋ ማናቸውም ነገር፣ ክዳኑም ራሱ ጭምር፣ ከመጫወቻው ይራቅ። ክርና ጥብጣብ በልጅ አንገት እንዳይጠመጠም አጫጭር ይሁን። የሚዘፍንና የሚያለቅስ የገበያ አሻንጉሊት ካላችሁ ባትሪውን ተመልከቱ፤ ሳንቲም የሚመስለው ክብ ባትሪ ቢዋጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ማኅደሩ በብሎን ያልተዘጋ ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ ጣሉት፤ ልጅ ውጦታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የጨርቁን አሻንጉሊት በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና እጠቡት፤ በዚህ አገር ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፣ አሸዋ ያለበት ግን ውስጡ እስኪደርቅ ሙሉ ቀን ይዋል። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ቤት ለዚህ ብላችሁ አታባክኑ፤ ልብስ ያጠባችሁበት የመጨረሻው ውሃ ይበቃል፣ ልጁም ራሱ ሕፃኗን ይጠባት። ከልጁ ሕመም በኋላ ግን ንጹሕ ውሃና ሳሙና አትንፈጉ። ልጁ ሳያውቅ ወስዳችሁ አታስጧት፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ያያት ልጅ የሚደርስበትን ድንጋጤ አትናቁት፤ «ታጥባ ፀሐይ እየሞቀች ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሻንጉሊቷ ብታረጅ ጠግኗት እንጂ አትጣሏት፤ ልጁ ሳይፈቅድም ለጎረቤት ልጅ አትስጡበት። አንድ ቀን ራሱ ይረሳታል፤ ያን ጊዜ አጥባችሁ በሣጥን አኑሯት፣ ለሚወለደው ታናሽ ትሆናለች።